ልክ የሚመስል ስህተት

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሽ ያህሉ ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለው፣ ሁላችንም አሁን በአጭሩ ኤአይ ስለምንለው ነገር ነው። ጠያቂዎቹ ባለሱቆች፣ ገንዘብ ያዦችና የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። ስማቸው እንዳይወጣ ስለፈለጉ በሥራቸው እጠራቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። መርካቶ የቀለምና የግንባታ ዕቃ መደብር አለኝ። በወር ሦስት አራት ቀን እየመጣ ሒሳቤን የሚሠራልኝ አካውንታንት አለ። 9,000 ብር እከፍለዋለሁ። የወንድሜ ልጅ ኮምፒውተር ተምሯል። «አክስቴ፣ ደረሰኙን በስልክ ፎቶ እያነሳሽ ቻትጂፒቲ ለሚባለው ኤአይ ስጪው። በወር 20 ዶላር ነው፤ ሁሉን ይሠራልሻል» ይለኛል። አሳየኝም። 30 ደረሰኝ ሻዬን ሳልጨርስ በሰንጠረዥ አወጣው። በጣም ገረመኝ። አካውንታንቴን ላሰናብተው?
የቀለም ነጋዴዋ፣ ከመርካቶ

መልስ፦ እህቴ፣ አታሰናብቺው። ለሙያዬ ያደላሁ እንዳይመስልሽ ምክንያቴን በደንብ ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ ያየሽው ነገር እውነት ነው። እኔም ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። ሥራ የጀመርኩት በ1995 ሶማሌ ተራ፣ አንድ የመለዋወጫ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው። ቢሮው ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሰፊውን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በእርሳስ ይጽፋሉ። እኔ ከኮሌጅ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ተምሬ መጥቻለሁ። ያኔም «ይህ ፕሮግራም ከመጣ ጋሼ ምን ይሠራሉ?» ይባል ነበር።

ወር ሲዘጋ እኩል መሆን ያለባቸው ሁለቱ የመዝገብ ጎኖች፣ ዴቢቱና ክሬዲቱ፣ አልገናኝ ይላሉ። ጋሼ ልዩነቱን ይጠይቁኛል። 270 ብር እላቸዋለሁ። በአእምሯቸው ለ9 ያካፍሉታል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ «አሃዝ ገልብጠሻል፣ ሂጂ ፈልጊ» ይሉኛል። ሄጄ ስፈልግ 1,580 የነበረውን 1,850 ብዬ ጽፌው አገኘዋለሁ። ሁለት አሃዝ ቦታ ሲለዋወጥ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። የሰው ስህተት ዱካ አለው። ድካም፣ ችኮላ፣ መገልበጥ፣ አንድ ዜሮ መዝለል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ዱካውን ያውቀዋል።

አሁን የኤአዩን ስህተት ልንገርሽ። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሒሳባቸውን እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃሉ። ስለዚህ ጥቅምት ለእኛ እንቅልፍ የሌለው ወር ነው። ባለፈው ጥቅምት የአንድ ደንበኛዬን 400 የሚጠጋ ደረሰኝ በኤአይ አስነበብኩ። ከደረሰኞቹ አንዱ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከርሞ ፀሐይ መትቶታል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ሙቀት ሲያገኘው እንዴት እንደሚደበዝዝ ታውቂያለሽ። እውነተኛው ዋጋ 13,800 ብር፣ ቫቱ 2,070፣ ጠቅላላው 15,870 ነበር። ኤአዩ ያወጣልኝ ምን ነበር መሰለሽ? ዋጋ 18,800፣ ቫት 2,820፣ ጠቅላላ 21,620።

ካልኩሌተርሽን አንሺና ሞክሪው። የ18,800 15 ከመቶ 2,820 ነው። ሲደመር 21,620። ልክ ነው! ያልታየውን አሃዝ ገመተ። ከዚያ ቫቱንም ድምሩንም በግምቱ ልክ አስተካክሎ ሞላው። ልዩነቱን ለ9 ባካፍለው ምንም አይነግረኝም። ሰንጠረዡን አስር ጊዜ ብደምረው ይገናኛል። የተያዘው ከባንኩ ዝርዝር ጋር ሳስተያየው ነው። ከሒሳቡ የወጣው 15,870 ብር ነበር። ባላየው ኖሮ ደንበኛዬ ያልከፈለውን 750 ብር ቫት «ከፍያለሁ» ብሎ ሊያሳውቅ ነበር። አንዱ ደረሰኝ ነው ይህ። ሌሎች ሦስት ደግሞ አገኘሁ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? እነዚህ የምናወራቸው ፕሮግራሞች የተሠሩት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ነገር በመገመት ነው። ጎበዝ ገማቾች ናቸው። የደበዘዘ ቦታ ሲገጥማቸው «ይህ አይነበብም» ከማለት ይልቅ የሚመስለውን ይሞሉታል። የወንድምሽ ልጅ ይህን ትእዛዝ ይጻፍለት፦ «በግልጽ ያልታየህን አሃዝ ባዶ ተወው፤ አትሙላ።» ስህተቱ ይቀንሳል። አይጠፋም ግን። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከራሱ ጋር አታስተያዪ። ከባንክ ዝርዝር፣ ከቴሌብር መልእክት፣ ዕቃውን ከሸጠልሽ ሰው ቅጂ ጋር አስተያዪው። ከውጭ የመጣ ወረቀት ያስፈልጋል።

የቀን ነገር ደግሞ አለ። የኛን አቆጣጠር የማያውቅ ፕሮግራም ብዙ ያጠፋል። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ላይ 12/3/2017 ይላል። አንቺ ኅዳር 12 እንደሆነ ታውቂያለሽ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ማለት ነው። ኤአዩ ግን ማርች 12 ቀን 2017 ብሎ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ወጪው ከዓመቱ ሒሳብ ወጥቶ ይጠፋል። ጳጉሜንማ አይነሳ። 13ኛ ወር ሲያይ ሳይጠይቅ ወደ 12 ሲለውጠው በዓይኔ አይቻለሁ። ወሩ ሲለወጥ የሚታወጅበት የቫት ወር ሊለወጥ ይችላል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። የተዘጋ ወር ምረጪ፣ ለምሳሌ ሰኔን። አካውንታንትሽ ጨርሶ አሳውቆታል። ያንኑ የሰኔ ደረሰኝ ለኤአዩ ስጪው። ሁለቱን ሒሳብ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሦስታችሁ ተቀመጡ፤ አንቺ፣ ልጁና አካውንታንቱ። የተለያየውን አንድ በአንድ እዩት። ሦስት ወር ድገሙት። ከዚያ በኋላ ምን ያህሉን ሥራ በእምነት እንደምትሰጪው ራስሽ ታውቂዋለሽ። የኔ ግምት ደረሰኝ መልቀሙንና መደርደሩን ትሰጪዋለሽ የሚል ነው። ለአካውንታንትሽ ሁለት ቀን ይተርፈዋል።

በነዚያ ሁለት ቀኖች ምን ይሥራ? ይህን ነው በጣም የምወደው። ዱቤውን ይይዝልሽ። ማን ስንት ብር እንዳለበት፣ ስንት ቀን እንዳለፈው። መደርደሪያ ላይ ገንዘብሽን ይዞ የተቀመጠው የትኛው ቀለም እንደሆነ ይንገርሽ። አንዲት የሴራሚክ ነጋዴ ደንበኛዬ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስትጠይቀኝ ጊዜ አጥቼ አልመለስኩላትም ነበር። አምና ኤአዩ ሽያጩን ከግዢው ጋር አስተያይቶ በአንድ ከሰዓት አወጣው። ዘጠኝ ወር ያልተነካ ዕቃ ነበራት። ቅናሽ አድርጋ ሸጠችው፤ ለሚቀጥለው ጭነት ብድር መውሰድ አላስፈለጋትም። ይህን ሳይ ደስ ነው ያለኝ። መሣሪያው ለዚህ ሲሆን ወርቅ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። የዱቤ ደብተርሽን ስምና ስልክ ቁጥር እንዳለ ፎቶ አንስተሽ አትጫኚ። የደንበኞችሽ ምስጢር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ነገሩ ከይሉኝታም አልፏል። በስም ፋንታ ቁጥር ስጫቸው፤ ደንበኛ 1፣ ደንበኛ 2 እያልሽ።

እና ደግሞ፣ ኦዲት ሲመጣ ወንበር ስቦ ከኦዲተሩ ፊት የሚቀመጠው አካውንታንትሽ ነው። «ይህ ለምን እንዲህ ተመዘገበ?» ሲባል የሚመልስ ሰው ያስፈልግሻል። ማሳወቂያው ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። «ስልኬ ነው ያለኝ» የሚል መልስ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በአንድ ድርጅት አካውንታንት ነኝ። አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራ አስኪያጃችን «በሚቀጥለው ዓመት ግማሻችሁን ኤአይ ይተካችኋል» እያለ በስብሰባ ይናገራል። እንቅልፍ አጣሁ። ሙያ ልቀይር?
አካውንታንቱ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንቅልፍ ማጣትህ ይገባኛል። ሠራተኛን በስብሰባ እንዲህ ማስፈራራት ደግ አይደለም፤ ይህን በቅድሚያ ልበል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሰዓትህን በምን እንደምታሳልፍ ጻፍ። ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ የሚያልፈውን በቀይ አስምርበት። ቀዩ ይሄዳል፤ አልዋሽህም። ቀዩ ከግማሽ በላይ ከሆነ ዘንድሮ መንቀሳቀስ አለብህ። ሙያህን ሳይሆን ቀንህን ቀይር። ውል ማንበብ ተማር። አይኤፍአርኤስን፣ ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ ለፈተና ካጠናኸው በላይ ጠልቀህ ግባበት፤ ምክንያቱም አንድ ኪራይ ወይም አንድ ብድር በየትኛው መንገድ ይመዝገብ የሚለው ፍርድ ነው። ወደ መጋዘን ውረድ፣ ዕቃ ቁጠር፣ ከሹፌሮች ጋር አውራ። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አካውንታንት ብዙ የለንም።

የሚያጣራ ሰው ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ አለቃህ ካላመነ ይህን ንገረው። በ2025 እንደ ፈረንጆቹ ዴሎይት አውስትራሊያ ለሀገሪቱ መንግሥት ያቀረበው ሪፖርት ውስጥ የሌሉ ጥናቶች እንደ ማስረጃ ተጠቅሰው ተገኙ። ሪፖርቱ ሲዘጋጅ ኤአይ ተጠቅመው ነበር። ክፍያው 440,000 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፤ ከዚያ የተወሰነውን መለሱ። በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የኦዲት ድርጅቶች አንዱ ነው ይህ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ ቢከፍት ይገኝ ነበር።

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከአለቃዬ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መጣልኝ። «አሁኑኑ 380,000 ብር ወደዚህ ሒሳብ አስገቢ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ አትደውዪ» ይላል። ድምፁ የሱ ነው፤ ሳሉ እንኳ የሱ ነው። «አትደውዪ» ያለው ነገር ቅር ስላለኝ ደወልኩ። እሱ ምንም አያውቅም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከእንግዲህ ምን ላድርግ?
ገንዘብ ያዧ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ደግ አደረግሽ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ያን ቀን የድርጅቱን ገንዘብ ያዳንሽው አንቺ ነሽ፤ አለቃሽ ይህን በአደባባይ ሊናገርልሽ ይገባል።

ድምፅም ፊትም አሁን ይመሰላል። በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሩፕ በሚባለው የምሕንድስና ድርጅት የሚሠራ ሰው በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የፋይናንስ ኃላፊውንና ባልደረቦቹን አየ። አነጋገሩትም። 15 ጊዜ ገንዘብ አስተላለፈ፤ ወደ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር። በስብሰባው ላይ ያያቸው ሁሉ በኤአይ የተሠሩ ምስሎች ነበሩ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትእዛዝ በምንም መንገድ ይምጣ፣ አንቺ ቀድመሽ በምታውቂው ቁጥር መልሰሽ ትደውያለሽ። በመጣልሽ ቁጥር አይደለም። ከተወሰነ ብር በላይ የሁለት ሰው ፊርማ ይኑር። ይህንን አለቃሽ በጽሑፍ ያውጣው፤ «አትደውዪ» የሚል ትእዛዝ ከማንም ቢመጣ ተቀባይነት እንደሌለውም ይጻፍበት። ያኔ ስትደውዪ ደፋር አትባዪም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት አለኝ። ሒሳቤን በኩዊክቡክስ ነው የምይዘው። አሁን ኤአይ ተጨምሮበት የሚቀጥሉትን ወራት ገቢ ይተነብይልኛል። ለኤፕሪል የሚያሳየኝ ጥሩ ነው። በሱ ተማምኜ ትልቅ የሥጋ ማቀዝቀዣ በብድር ልገዛ አስቤያለሁ። ልመነው?
ባለ ምግብ ቤቱ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደንበኞችህ አብዛኛው ጿሚ ናቸው ብዬ ልገምት። እንግዲያው ፕሮግራሙን አንድ ጥያቄ ጠይቅልኝ፦ ፋሲካን ያውቃል?

በ2024 ፋሲካ የዋለው ሜይ 5 ነው። ኤፕሪል ሙሉው ጾም ነበር። ክትፎህ ቆሞ በያይነቱ ብቻ ነው የሸጥከው። በ2025 ኤፕሪል 20 ዋለ። የወሩ የመጨረሻ አስር ቀኖች ፍስክ ሆኑ። በ2026 ኤፕሪል 12 ነው፤ ከወሩ ከግማሽ በላይ ፍስክ። በ2027 ደግሞ ተመልሶ ሜይ 2 ይውላል። ስለዚህ የ2026ን ኤፕሪል አይቶ የ2027ን የሚተነብይ ፕሮግራም ብዙ ሥጋ ትሸጣለህ ይልሃል። አንተ ግን ወሩን በሙሉ ሽሮ ትሠራለህ። ከዚያም ላይ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀኖች ረቡዕና አርብ እንኳ አይጾሙም። ያ ለአንተ በሳምንት ሁለት ተጨማሪ የሥጋ ቀን ነው። ማሽኑ «ኤፕሪል» የሚል ስም ብቻ ነው የሚያየው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የየሳምንቱን ሽያጭ ከፕሮግራሙ አውጣ። በወር አትደርድረው። ከፋሲካ ጀምረህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቁጠር፦ ከፋሲካ ስምንት ሳምንት በፊት፣ ሰባት ሳምንት በፊት፣ እያልክ እስከ ጰራቅሊጦስ። ይህን ሰንጠረዥ ለኤአዩ ስጠውና እንደገና ይተንብይ። የምታገኘው ሌላ ቁጥር ነው። የብድሩን ወርሃዊ ክፍያ በጣም ከደከመው የጾም ወር ጋር አስተያየው። ያን ወር መክፈል ከቻልክ ግዛ።

ትንበያ ላይ ብዙ የተከራከርኩት ትልልቆቹም ስለወደቁበት ነው። እናንተው ሀገር ዚሎው የሚባለው ድርጅት ቤቶችን በፕሮግራም ግምት እየገዛ ይሸጥ ነበር። በኖቬምበር 2021 ያን ሥራ ዘጋው። በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ የገዛቸውን ቤቶች ዋጋ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዝቅ አድርጎ መመዝገብ ነበረበት። ከሠራተኞቹም ሩብ የሚሆኑትን ቀነሰ። ገበያው ሲዞር ግምቱ አብሮ አልዞረም።

እዚህ ሀገር ለሚያነቡኝም አንድ ቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያለፉትን ዓመታት ብቻ ተመልክቶ የሚተነብይ የትኛውም ፕሮግራም ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ወሬውን የሰሙ፣ ከባንክ ሰዎች ጋር ሻይ የጠጡ አስመጪዎች ግን አንዳንዶቹ ተዘጋጅተው ነበር።

ጥያቄ፦ አዳማ ካፌ አለኝ። የትዕዛዝ ፕሮግራማችን ላይ በቅርቡ ኤአይ ተጨመረ። በወር መጨረሻ «አጠራጣሪ ሠራተኛ» ብሎ የማታዋን ገንዘብ ያዥ ስም በቀይ አወጣልኝ። በወሩ 14 ትዕዛዝ ሰርዛለች ይላል። የጠዋቷ 2 ብቻ ነው የሰረዘችው። ልጅቷ ሦስት ዓመት ከእኔ ጋር ነች፤ አንድ ቀን እንኳ ጎሎባት አያውቅም። ግን ማሽን አያዳላም ይባላል። ላሰናብታት? ዝርዝሩን አያይዣለሁ።
ባለካፌው፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ያነበብኩት ደጋግሜ ነው። ዝርዝሩን ስለላክልኝም አመሰግንሃለሁ። ወደሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ታሪክ ልንገርህ፤ አንድ ሰው ላይ ከመፍረድህ በፊት እንድትሰማው ስለምፈልግ።

እንግሊዝ ሀገር ፖስታ ቤቱ እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም በየቅርንጫፉ አስገባ። የፉጂትሱ ሥራ ነው። ኤአይ አልነበረም፤ ተራ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። በየመንደሩ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ሒሳባቸው ይጎድል ጀመር። «ፕሮግራሙ ነው ያጠፋው» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። ጉድለቱን ከኪሳቸው የሞሉ አሉ፤ ቤታቸውን የሸጡ አሉ። ከ900 በላይ ሰዎች በሌብነትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ ስህተቱ የፕሮግራሙ እንደነበር ታወቀ። በ2024 ፍርዶቹን የሚሽር ሕግ በፓርላማ ወጣ። የጠፋውን ዕድሜ ግን ሕግ አይመልሰውም። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። እነዚያ ሰዎች ላይ የተፈረደው «ማሽን አይሳሳትም» በሚል እምነት ነው።

አሁን ወደ አንተ ዝርዝር። ትናንት ማታ 14ቱን አንድ በአንድ አየኋቸው።

ዘጠኙ ከተሰረዙ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያው ትዕዛዝ፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ዋጋ እንደገና ገብቷል። የተለወጠው የክፍያው ዓይነት ነው፤ ካሽ የነበረው ቴሌብር ሆኗል። ደንበኛው ካሽ እከፍላለሁ ብሎ ኪሱን ሲያይ ጎሎታል፤ ወይም ዝርዝር የለም ተብሏል። ፕሮግራምህ የክፍያውን ዓይነት ለመቀየር ትዕዛዙን መሰረዝ ግድ የሚል ይመስለኛል። ራስህ ካሽ መመዝገቢያው ጋር ቆመህ ሞክረው። ቴሌብሩ መግባቱን ደግሞ ከስልኩ መልእክት ታረጋግጣለህ፤ ሰዓቱ ተጽፏል።

ሁለቱ እንዲህ ናቸው። አንድ ማኪያቶ በዚያው ጠረጴዛ በአንድ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ታዟል፤ አንዱ ተሰርዟል። ስክሪኑ ሁለቴ ተነክቷል።

ሦስቱ ቀሩ። ድምራቸው 640 ብር ነው። ሁለቱ በአንድ ምሽት፣ በአሥር ደቂቃ ልዩነት የተሰረዙ ናቸው። ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር? ወጥ ቤቱ «አልቋል» ያለው ምግብ ነበር? ይህን እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቀውም፤ አንተና እሷ ግን ታስታውሱታላችሁ።

ፕሮግራሙ ለምን በቀይ እንዳወጣት ደግሞ ተመልከት። ያነጻጸራት ከጠዋቷ ልጅ ጋር ነው። ጠዋት ሰው ማኪያቶውን ጠጥቶ ካሽ ጥሎ ይሄዳል። ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ቤቱ ሙሉ ነው፤ ሰው በቡድን ይመጣል፤ ሒሳብ ይከፋፈላል፤ ሐሳብ ይለወጣል። ጠዋቷን ልጅ ማታ ብታስገባት በወሩ መጨረሻ የሷ ስም ቀይ ይሆናል። ከተጠራጠርክ ሁለት ሳምንት ፈረቃቸውን ቀያይራቸውና እየው። ለሁለቱም ምክንያቱን ንገራቸው እንጂ በድብቅ አታድርገው።

ማሽን አያዳላም ላልከው፣ ማሽኑ የማታውን ሥራ ከጠዋቱ ሥራ ለይቶ እንዲያይ ማንም አልነገረውም። ያልተነገረው ነገር በልጅቷ ስም ላይ ወጣ።

ሕጉም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ በቂ ምክንያት ሠራተኛ ማሰናበትን ይከለክላል። ፍርድ ቤት ብትቆም በቀይ የተጻፈ ስም ይዘህ ነው የምትቆመው። ፕሮግራሙን ለሸጡልህ ሰዎችም ደውልና «አጠራጣሪ ሠራተኛ» የሚለውን ቃል እንዲያነሱት ጠይቃቸው። «መታየት ያለበት ትዕዛዝ» ይበሉት። ሰው ላይ ከሚለጠፍ ትዕዛዙ ላይ ይለጠፍ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጅቷ ስሟ በቀይ እንደወጣ ሰምታ ከሆነ ዛሬውኑ አነጋግራት። ካፌው ሲዘጋ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ። አሥራ አንዱን ራስህ አስረዳት፤ እንዳጣራህ ትወቅ። ስለ ሦስቱ ጠይቃት። ያለችህን ጻፍልኝ፤ ፈረቃውንም ከቀያየርክ በኋላ የሚወጣውን አዲስ ዝርዝር ላክልኝ። አብረን እናየዋለን።